በአንድ ወገን ስለሚበላ የመኪና ጎማ

እህልና አትክልት የሚያመላልስ ፒክአፕ የፊት ጎማው በአንድ ጠርዝ ብቻ ሲያልቅ፣ ብዙ ባለ መኪና ጥፋቱን በጎማው ያሳብባል፤ ሌላም ይገዛል። ምክንያቱ ካልተወገደ ግን አዲሱም እንደ ፊተኛው ይበላል።

በብዙ ፒክአፖች እያንዳንዱን የፊት ጎማ ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙት ብራች፣ ቦኮላና ቴስቲና ናቸው፤ ክብደቱን የሚሸከመው ሞላ ነው። ሞላው ሲደክም መኪናው ዝቅ ይላል፤ የጎማውም ራስ ብዙ ጊዜ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ይህ መዘንበል ካምበር ይባላል። ራሱ ወደ ውስጥ ያዘነበለ ጎማ በውስጥ ጠርዙ፣ ወደ ውጭ ያዘነበለ በውጭ ጠርዙ ይበላል። ቦኮላ ወይም ቴስቲና ሲላላ ደግሞ ጎማው አንድ አቋም አይይዝም።

ስለዚህ ሥራው በተራ ይፈጸም። አስቀድሞ የጎማው ነፋስ ይለካ። ቀጥሎ መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ይነቅነቅ፤ የሚወዛወዝ ከሆነ ኩሽኔታውና ቴስቲናው ይመርመሩ፤ ያረጀውም ይለወጥ። ከዚህ በኋላ ካምበሩ በማስተካከያው ቡሎን ወይም በብራቹና በሻንሲው መካከል በሚገባ ስስ ብረት ይታረም። በሁለቱ የፊት ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት በፊትና በኋላ በኩል የሚለካው በመጨረሻ ነው፤ ካምበር ሲነካ እርሱም ይለወጣልና።

ያረጀው ዕቃ ሳይለወጥ የተደረገ ማስተካከል ብዙ መንገድ አይሄድም። ቴስቲና በጉዞ ላይ ቢወልቅ ደግሞ ጎማው ለመሪው አይታዘዝም፤ ያን ጊዜ የሚጠፋው ጭነት ብቻ አይደለም።