የሚሸጥ ቤትን በዲጂታል ካርታ ማመልከት፦ የመጋጠሚያ ነጥብ ስህተት በደሴና በኮምቦልቻ

በደሴና በኮምቦልቻ የሚሸጥ ቤት አድራሻ ብዙውን ጊዜ የሚገለጸው በታወቀ ምልክትና በደላላ ቃል ነው። ዲጂታል ካርታ ይህን በነጥብ ይተካል፤ ነጥቡ የሚታመነው ግን የተለካበት ማጣቀሻ ሲታወቅ ነው። በአገራችን በርካታ ነባር ፕላኖች በአዲንዳን ማጣቀሻ የተዘጋጁ ሲሆኑ፣ የስልክ ጂፒኤስ የሚጠቀመው ደብሊውጂኤስ 84ን ነው። ሁለቱም ከተሞች በዩቲኤም ዞን 37 ውስጥ ስለሚገኙ የሁለቱ ማጣቀሻዎች ቁጥሮች ይቀራረባሉ፤ ስህተቱም በዓይን አይለይም። ሆኖም የአንዱ ቁጥር እንደ ሌላው ከተነበበ ነጥቡ ከ200 ሜትር በላይ ይርቃል። በኮምቦልቻ ሜዳ ይህ ገዢን ወደ ሌላ መንገድ ይወስዳል፤ በጦሳ ተራራ ሥር በተቆረቆረችው ደሴ ደግሞ የዳገቱን ቤት ከቁልቁለቱ ሊያስቀምጥ ይችላል።

ስለዚህ አዘጋጁ በኪውጂአይኤስ ሶፍትዌር በመጀመሪያ ለአዲንዳን ፕላን ኢፒኤስጂ 20137ን ይመድብ፤ ቀጥሎ ለኢትዮጵያ የተዘጋጀውን ማሸጋገሪያ መርጦ ወደ 4326፣ ማለትም ወደ ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ ይለውጥ። መመደብ ቁጥሮቹን ሳይነካ ማጣቀሻቸውን ይገልጻል፤ መለወጥ ግን እንደገና ያሰላቸዋል። በመጨረሻም ቢያንስ አንድ የይዞታ ጥግ በቦታው ተለክቶ ይመሳከር። ይህ ካልተደረገ ካርታው ገዢውን ወደ ጎረቤት በር ይመራዋል።