ትምህርት፦ ከመከላከያው በፊት ምክር

ማሳ ያለ ፋታ በየዓመቱ ቢታረስ ይደክማል። ይኼን ገበሬ ሁሉ ያውቃል። የእናት አካልስ? እናት ከወለደች በኋላ እንደገና እስክታረግዝ ቢያንስ 2 ዓመት ብታርፍ ለእሷም ለሕፃኑም ጤና ይበጃል።

ለረጅም ጊዜ የሚያገለግሉ፣ ሲፈለግም የሚወጡ መከላከያዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበር ነው። የክብሪት እንጨት ያህል ቀጭን ነው። እንደ ዓይነቱ 3 ወይም 5 ዓመት ያገለግላል። ሁለተኛው ሉፕ ይባላል። በማህፀን ውስጥ ይቀመጣል። መዳብ ያለበት ሉፕ 10 ዓመት ያገለግላል።

በአገራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በ2003 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሠራተኞቹ በክንድ የሚቀበረውን በጤና ኬላ እንዲያስገቡ ሠለጠኑ። ነገር ግን ማስገባቱ ብቻ አይበቃም። ምክር ይቀድማል። ጥሩ ምክር ምን ዓይነት ነው?

አንደኛ፦ ሠራተኛዋ ትጠይቃለች፤ ታዳምጣለች። «እትዬ፣ ሌላ ልጅ መቼ ይፈልጋሉ? የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ትላለች። አንዳንድ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የክንዱን መከላከያ ኃይል ይቀንሳልና።

ሁለተኛ፦ ስለ ኪኒኑም፣ ስለ መርፌውም፣ ስለ ሌላውም ታስረዳለች። መራጯ ግን እናት ናት።

ሦስተኛ፦ የሚመጣውን አስቀድማ ትናገራለች። የክንዱ መከላከያ የወር አበባን ያዛባል። ደሙ ሊበዛ፣ ሊያንስ ወይም ሊቀር ይችላል። ሉፕም ደሙንና ቁርጠቱን ሊያበዛ ይችላል። ይኼን ያልሰማች እናት ትደነግጣለች። የሰማች ግን ካልተስማማት ተመልሳ ትጠይቃለች።

አራተኛ፦ «በፈለጉ ቀን ይወጣል» ትላለች። ትልቁ ነገር ይኼ ነው። «ጊዜው አልደረሰም» ብሎ መከልከል ልክ አይደለም። ማውጣቱ ብዙ ጊዜ በጤና ጣቢያ ይሠራል።

«መካን ያደርጋል» የሚባለው ሐሰት ነው። መከላከያው ከወጣ እናት እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። «ሥራ ይከለክላል» የሚባለውም እንዲሁ ነው። ቁስሉ ከዳነ በኋላ እንደ ወትሮዋ ትቀዳለች፣ ትፈጫለች። ሁለቱም ግን ኤችአይቪን አይከላከሉም። ለዚያ ኮንዶም ያስፈልጋል።

አባወራዎች! ባለቤቶቻችሁ ከፈቀዱ አብራችሁ ሂዱ፤ አብራችሁም አድምጡ። አካሉ የእሷ ነውና ምርጫው የእሷ ይሁን።

ጥያቄዎች
1. ሉፕ የት ይቀመጣል?
2. ሠራተኛዋ ስለ መድኃኒት ለምን ትጠይቃለች?
3. እናት መከላከያውን መቼ ማስወጣት ትችላለች?