በድራጎን ዓለም ጠመንጃ ይገባል?

«ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ ዳይስ እየጣሉና ታሪክ እየፈጠሩ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። በክበባችን አንዱ ልጅ ለገጸ ባሕርዩ ጠመንጃ ጠየቀ። ቀስተኛዋ «ታዲያ የእኔ ቀስት ምን ሊሠራ ነው?» ብላ አኮረፈች፤ ሁለት ሳምንት ሳንጫወት ቀረን።

ክርክሩ የቆየ ነው። ጨዋታው የታተመው በ1974 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በ1980 ከፈጣሪዎቹ አንዱ ጋሪ ጋይጋክስ ጀግኖቹን የተከሰከሰ የጠፈር መርከብ ውስጥ አስገባቸው። እዚያ የጨረር መሣሪያ ያገኛሉ፤ ግን ኃይሉ ያልቃል፣ ሰይፍም ወደ ቦታው ይመለሳል። በ2004 የወጣው የ«ኤበሮን» ዓለም ባቡር እንኳ አለው፤ የሚነዳው ግን በእንፋሎት ሳይሆን በአስማት በታሰረ መንፈስ ነው።

እኛም የ2014ቱን መጻሕፍት ገለጥን። የጠመንጃው ጉዳት በባለ 12 ገጽ ዳይስ፣ የረጅሙ ቀስት በባለ 8 ይቆጠራል። የልጅቷ ፊት ጠቆረ። ርቀቱ ሲነበብ ግን ጠመንጃው ከ40 ጫማ በኋላ ዒላማው ይበላሻል፤ ቀስቱ እስከ 150 ጫማ አይቸገርም። ያኔ ሳቀች። ጠመንጃው ተፈቀደ፤ ባሩድ ግን በአንድ ከተማ ብቻ እንዲሸጥ ተስማማን።

ቀጥሎ የመገናኛ ሬዲዮ ተጠየቀ። ይህን እኔው እምቢ አልኩ። ጠመንጃ አንድ ጠላት ይጥላል፤ ሬዲዮ ግን ደብዳቤ ይዞ በሌሊት ጫካ የሚያቋርጠውን ፈረሰኛ ከነታሪኩ ያጠፋዋል።