አዝማሪና ዘፋኝ

ጎንደሬ ወንድሞቻችን ይቅር ይበሉን፤ «አዝማሪ» ማለትን እንደ ስድብ የምንቆጥር ዛሬም አለን። ያው ተሳዳቢ ግን የአስቴር አወቀን ድምፅ ሲሰማ ትከሻው አልቀመጥ ይለዋል። ነገሩን ጠጋ ብለን እንመርምር።

አዝማሪው በጠጅ ቤት መሲንቆውን ይዞ ይቆማል፤ አንዲቷ አውታር የፈረስ ጭራ ናት። ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይወረውርለታል፤ እርሱም ወዲያው በዜማ ይመልሳል። ግጥሙ የዚያች ሌሊት ነው፤ ነገ ሌላ ይገጠማል።

አስቴር በ1959 እ.ኤ.አ. ጎንደር ተወልዳ አዲስ አበባ አደገች። በ1981 አሜሪካ ገባች፤ በዋሽንግተንም በኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች ለስደተኛው ወገኗ ዘፈነች። ትሪፕል ኧርዝ የተባለው የለንደን አሳታሚ በ1989 «አስቴር» የተሰኘውን ሸክላዋን አወጣ፤ ከዘፈኖቹ አንዱ ትዝታ ነው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ሸክላ ቃሉን ያስረዋል፤ ታዳሚው ያንኑ ግጥም ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲደገምለት ይጠይቃል። ቃሉን መለወጥ ካልተቻለ የሚለወጠው ድምፁ ብቻ ነው። አስቴርም አንዱን ፊደል ይዛ ስታንቀጠቅጠውና ስታንጎራጉረው፥ መሲንቆውን በሳክስፎን ብትተካም፥ የምትሠራው የአዝማሪውን ሥራ ነው፤ ለዚያች ሌሊት ታዳሚ ብቻ የሚሆን ነገር መጨመር።