ሌላም እጅ ይልመደው

የኔ እናት፣ እጅሽ ጎብዟል። ካቴተሩን ስታስገቢለት ልጁ ከመኪና ጨዋታው ቀና እንኳ አይልም። ደስ እያለኝ ነው የማየው። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ቅር እንዳይልሽ፤ በዚህ ቤት ይህን ከአንቺ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም፤ እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ሕመሙ አይደለም። የአከርካሪውን ስፓይና ቢፊዳም፣ ራስ ውስጥ ፈሳሽ የሚያጠራቅመውን ሀይድሮሴፋለስም በገዛ ልጄ አውቃቸዋለሁ፤ ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትገባ ቦርሳዋን ሶፋ ላይ የምትወረውር ልጅ ሆናለች። የሚያስፈራኝ ሁሉም ነገር በአንቺ እጅና በአንቺ ራስ ውስጥ ብቻ መቀመጡ ነው። አሞሽ ብትተኚ፣ ድንገት ለቅሶ ብትጠሪ፣ ወይም እንዲሁ ድካም ቢጥልሽ፣ በየሦስት አራት ሰዓቱ ባዶ መሆን ያለበት ፊኛ አይጠብቅሽም። ሽንቱ ሞልቶ ሲቆይ ወደ ኩላሊት ይመለሳል። ኩላሊት ደግሞ ሲጎዳ ድምፅ አያሰማም፤ የምናውቀው ከረፈደ በኋላ ነው።

«ለሌላ ሰው እንዴት አምኜ እሰጣለሁ፣ ኢንፌክሽን ቢይዘውስ?» ትያለሽ። ድሮ ሐኪሞቹም እንዳንቺ ይፈሩ ነበር፤ ካቴተር ማስገባት የኦፕሬሽን ክፍል ንጽሕና የሚጠይቅ ይመስላቸው ነበር። በ1972 እ.ኤ.አ. በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ የነበረ ጃክ ላፒደስ የሚባል ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በሳሙና የታጠበ እጅና ንጹሕ ካቴተር እንደሚበቃ፣ ዋናው ነገር ፊኛው ሳይወጠር ቶሎ ቶሎ መራገፉ እንደሆነ ጻፈ። ብዙዎች መጀመሪያ አልተቀበሉትም። ዛሬ አንቺም እኔም ሆስፒታል የተማርነው የእሱን መንገድ ነው። ስለዚህ እጁን በደንብ መታጠብ የሚችል ሰው ሁሉ ይህን መማር ይችላል። የባልሽ እናት ዕድሜ ልካቸውን ልጅ ሲያጥቡ የኖሩ ናቸው፤ እጃቸው ከሁለታችንም ይልቅ ቀላል ነው። መነጽራቸውን አድርገው ብርሃን ወዳለበት ይቀመጡ፣ ሌላው ይመጣል። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ለዚህ ብቻ የሚሆን ክዳን ያለው ጀሪካን ለዪ፤ ማንም ለዕቃ ማጠቢያ እንዳይነካው። ጓንት የምትገዢ ከሆነ ላቴክስ ያልሆነውን ጠይቂ፤ እንደ እሱ ያሉ ልጆች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ከሕክምና ላስቲክ ጋር ብዙ ስለሚነካኩ አለርጂው በቀላሉ ይይዛቸዋል። ለልደቱ የሚነፋውንም ፊኛ ተይው፣ በወረቀት አስጊጪለት። ሽንቱ ከደፈረሰና ትኩሳት ከመጣበት ደግሞ ነገ አትበይ።

አባቱን በተመለከተ የማየውን ልንገርሽ። መድኃኒት ይገዛል፣ ለቀጠሮ ኮንትራት ታክሲ ይጠራል፣ ተበድሮም ቢሆን ያመጣል። ልጁን ብቻውን ይዞ ሲያድር ግን አላየሁም። ሊሞክር ሲል አንቺ ከአጠገቡ አትጠፊም፤ «እንደዚያ አይደለም» ስትይው መልሶ ይሰጥሻል። ከልጅሽ ራስ ፈሳሹን ወደ ሆዱ የሚያወርደው ቱቦ፣ ሻንቱ፣ ላይ ያለው ቫልቭ ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ? ጆን ሆልተር የሚባል አሜሪካዊ የማሽን ባለሙያ ነበር። በ1955 እ.ኤ.አ. የተወለደው ልጁ እንደ ልጅሽ ስፓይና ቢፊዳም ሀይድሮሴፋለስም ነበረበት። በዚያን ጊዜ የነበሩት ቱቦዎች እየተዘጉ ያስቸግሩ ነበር። ሆልተር የልጁ ሐኪም ዩጂን ስፒትዝ ችግሩን ሲያስረዳው ፈሳሹን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ከሲሊኮን በገዛ እጁ ሠራ። የራሱ ልጅ ብዙ ዕድሜ አላገኘም፤ ቫልቩ ግን በሺህ ለሚቆጠሩ ልጆች ተረፈ። ሕክምና ያልተማረ አባት ነበር። ባልሽም አባት ነው፤ ቃል ብቻ አይበቃውም፣ የሚሠራው ሥራ ስጪው። ሲያበላሽ ያበላሻል፤ ካቴተሩ ቢወድቅበት ሌላ ያወጣል፣ ልጁ ቢሸና ልብሱን ይቀይራል።

ለቤተሰቡ ሁሉ ልትነግሪው የሚገባሽ ሌላው ነገር የሻንቱ ነው፤ በዚህ ላይ ከሁሉ ይልቅ እለምንሻለሁ። ካቴተሩ ሰዓት አለው፣ ሻንት ቀጠሮ የለውም። ዓመት ሙሉ ደህና ሠርቶ አንድ ማለዳ ሊዘጋ ይችላል። የሁለት ዓመት ልጅ «ራሴን አመመኝ» ብሎ አይነግርሽም። ያስመልሰዋል፣ ይልቁንም ጠዋት ጠዋት። እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ ወይም ያለ ነገሩ ይነጫነጫል። ዓይኑ ወደ ታች ይቀራል ወይም ይሸውራል። ትናንት ብቻውን ይቀመጥ የነበረው ዛሬ መደገፍ ይፈልጋል። ትኩሳት ሊኖረው፣ ከጆሮው ጀርባ እስከ ሆዱ ቱቦው ባለፈበት መስመር ቆዳው ሊቀላ ወይም ሊያብጥ ይችላል። ሰውነቱ ቢንዘፈዘፍማ አትጠይቂ። ከነዚህ አንዱን ስታዪ ሌሊትም ይሁን በዓል፣ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ወዳለበት ነው የምትሮጪው፤ ዘውዲቱ ሆስፒታል ይሁን ጥቁር አንበሳ፣ ብቻ እዚያ ነው።

ችግሩ ጎረቤት ለእነዚህ ምልክቶች ሁሉ ሌላ ስም አለው። ሲያስመልሰው «እንጥሉ ወርዶ ነው»፣ ሲነጫነጭ «ጥርስ እያበቀለ ነው»፣ ሲፈዝ «ዓይን በልቶት ነው»። በክፋት አይደለም፤ እኛንም እንዲህ እያሉ ነው ያሳደጉን። ነገር ግን እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት ማንኛውንም ልጅ ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ያጋልጣል፤ ሻንት ላለው ልጅ ደግሞ እዚያ የሚባክነው ሰዓት ራሱ ነፍሱን ሊወስድ ይችላል። አንቺ በሌለሽበት ቀን «እናስቆርጥለት» ብላ የምትመጣውን አክስት ማን ይመልሳታል? ለዚህ ነው አያቱም፣ ሠራተኛዋም፣ ታላቅ እህቱም ማወቅ ያለባቸው። እህቱ ማንበብና መጻፍ ትችላለች፤ ምልክቶቹን በራሷ የእጅ ጽሕፈት ትጻፋቸውና ፍሪጁ ላይ ትለጥፍ። ከሥሩ የሐኪሙ ስልክ፣ ሻንቱ የገባበት ቀን፣ በቀኝ ይሁን በግራ፣ ላቴክስ እንዳይነካው የሚል። የሕክምና ወረቀቱና የሲቲ ስካኑ በአንድ ፌስታል ሆነው በሩ አጠገብ ይንጠልጠሉ። በሌሊት የምታገኚው ተረኛ ልጁን ፈጽሞ የማያውቀው ሐኪም ሊሆን ይችላል፤ ደህና በነበረበት ጊዜ የተነሣው ምስል ካለው የዛሬውን ከዚያ ጋር ያስተያያል።

ጠበሉን አትተዪ። እኔም ልጄን ይዤ እሄዳለሁ። ምልክት በሌለበት ቀን ጠዋት ጠበል፣ ከሰዓት ሐኪም፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም። ካህኑንም ስለ ሻንቱ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ይገባቸዋል።

እግሩ ላይ ስሜት እንደሌለው ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ግን ቡና ሲፈላ ትረሱታላችሁ። ሌላ ልጅ ፍሙን ሲነካ ይጮሃል፣ ትደርሺለታለሽ። እሱ ሳያለቅስ ይቃጠላል። እየዳኸ ባለበት ክፍል ከሰል አይያያዝ፤ እንግዳ ቢመጣም ልጁ ሰው እቅፍ ውስጥ ይሁን። የገላውን ውሃ በእሱ እግር ሳይሆን በክርንሽ ለኪ። ሲሚንቶው ላይ ሲድህ ጉልበቱና የእግር ጣቶቹ ስለሚላጡ ወፍራም ሱሪና ካልሲ አይለየው። ማታ ከመተኛቱ በፊት እግሩን አገላብጦ፣ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር ቁስል መፈለግ የአባቱ ሥራ ይሁን።

ደግሞ እያሞላቀቅሽው ነው። ቅድም እህቱን በመኪናው ጭንቅላቷን ሲመታት የተቆጣሽው እሷን ነው። አየኋት፣ ምንም ሳትናገር ወደ ጓዳ ገባች። ታማሚ መሆኑ ሌላ፣ ሰው መምታቱ ሌላ። የሁለት ዓመት ልጅ «አይቻልም» የሚል ቃል ያስፈልገዋል፣ እሱም እንደ ማንም ልጅ ነው። ለእሷ ደግሞ ስለ ሻንትም ስለ ካቴተርም የማይወራበት፣ ከአንቺ ጋር ብቻዋን የምትሆንበት ጊዜ ስጪያት፤ ገበያ ይዘሻት መሄድም ይበቃል።

ያቺ ዘመድሽ «በእርግዝናሽ ጊዜ ምን አድርገሽ ነው?» ያለችሽን ከልብሽ አውጪው። የአከርካሪው መስመር የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው፤ ያኔ አብዛኛዋ ሴት ማርገዟን እንኳ አታውቅም። ምንም አላደረግሽም። ሌላ ልጅ ካሰባችሁ ግን ከመፀነስሽ በፊት ሐኪም ጋ ሂጂ። ለማንኛዋም ሴት የሚመከረው ፎሊክ አሲድ በቀን 0.4 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ እንዲህ ያለ ልጅ ለወለደች እናት ግን 4 ሚሊ ግራም ነው፤ ዐሥር እጥፍ። በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣ የእንግሊዞች ጥናት ይህ መጠን ችግሩ ዳግም የመከሰቱን ዕድል በሦስት አራተኛ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ቢያንስ ከአንድ ወር ቀድመሽ ነው የምትጀምሪው፤ ካረገዝሽ በኋላ ብትሮጪ ዋናው ጊዜ አልፏል።

ቅዳሜ እመጣለሁ። የቀትሩን ካቴተር ባልሽ ያስገባል፣ እኔ አጠገቡ እሆናለሁ፣ አንቺ ወደ ክፍሉ አትገቢም። በሚቀጥለው ቅዳሜ የባልሽ እናት ተራ ነው። ቀን ቀን ከልጁ ጋር የምትውለው ሠራተኛዋ ስለሆነች ለእሷ ሰፋ ያለ ጊዜ እንሰጣታለን፤ አንቺም ደመወዟን ጨምሪላት፣ ይህ ልጅ ከመያዝ በላይ የሆነ ሥራ ነው። ሦስቱም ሲለምዱ እናትሽ ቤት ሄደሽ አንድ ሌሊት ታድሪያለሽ። ስልክሽ ክፍት ይሁን፤ እኛ ካልደወልንልሽ ግን አትደውዪ።