ከባሌስትራ እስከ ቢላዋ፦ ለመስክ የሚሆን በእጅ የተሠራ ቢላዋ እንዴት ይመረጣል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከተማሪዎቼ ጋር ከነቀምቴ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ለመስክ ጥናት ወርደን ነበር። ለመሣሪያ ማቆሚያ የሚሆን እንጨት ለመፍለጥና ለመጥረብ ሦስት ቢላዎች ከየቦርሳው ወጡ። አንደኛው እኔ ከውጭ አገር ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ ያመጣሁት፣ ስስና የሚያብረቀርቅ የፋብሪካ ሥራ ሲሆን፣ የመጀመሪያውን እንጨት ሳይጨርስ ጫፉ ተሰበረ። ሁለተኛው አንድ ተማሪ ከመንገድ ዳር የገዛው ነበር፤ እርሱ ደግሞ ተጣመመ። ሦስተኛው ጥቁርና ጌጥ የሌለው ቢላዋ ግን እስከ ማታ ድረስ ሠራ። ከየት እንደተገኘ ስጠይቅ ባለቤቱ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። ስንመለስ ግን ብቻውን ቀርቦ «አባቴ ነው የሠራው» አለኝ።

አንዱ ለምን ተሰበረ? ሌላው ለምን ተጣመመ? ሦስተኛውስ ለምን ጸና? መልሱን የሚያውቅ ሰው በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በሻምቡም ሆነ በደምቢ ዶሎ ገበያ ሳይታለል መምረጥ ይችላል።

የካርቦን ድርሻ

ንጹሕ ብረት ለስላሳ ነው። ስለት እንዲይዝ የሚያደርገው በብረቱ አቶሞች መካከል የሚገባው ጥቂት ካርቦን ነው። ለግንባታ የሚውለው ፌሮ በአብዛኛው ከ0.2 እስከ 0.3 በመቶ ገደማ ካርቦን ይይዛል። የመኪና ባሌስትራ ከ0.5 እስከ 0.65 በመቶ፣ ጥሩ ሞረድ ደግሞ 1 በመቶና ከዚያ በላይ ይይዛል። የተጣመመው ቢላዋ ከፌሮ የተቀጠቀጠ ነበር፤ ካርቦኑ አነስተኛ በመሆኑ ምንም ያህል ቢነከር በቂ ጥጥርነት አያገኝም።

በወለጋ ቀደም ባለው ዘመን ብረት ከማዕድኑ የሚወጣው በአገር ቤት እቶን ነበር፤ በጊምቢ አቅራቢያ የሚገኘው የቢቂላል ክምችትም የአካባቢው መሬት ብረት እንዳለው ይመሰክራል። ዛሬ ግን በኦሮምኛ ቱምቱ የሚባለው ቀጥቃጭ ብረቱን በአብዛኛው የሚያገኘው ካረጀ መኪና ነው። ለመስክ ቢላዋ ከሁሉም የሚሻለው ባሌስትራው ነው፤ ሲጎብጥና ሲቃና እንዲኖር የተሠራ ስለሆነ ጥጥርነትን ከጽናት ጋር ያጣምራል።

እሳት፣ መንከርና ማለዘብ

ካርቦን ያለው ብረት ከ727 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል የአቶሞቹ አደራደር መለወጥ ይጀምራል፤ በአዲሱ አደራደር ውስጥም ካርቦን በቀላሉ ይሟሟል። ብረቱ ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ካርቦኑ ተለይቶ ይወጣል። ድንገት ከተነከረ ግን ለመውጣት ጊዜ አጥቶ እንደታሰረ ይቀራል። በዚህ መንገድ የሚፈጠረው ማርቴንሳይት፣ በጀርመናዊው አዶልፍ ማርተንስ ስም የተሰየመው፣ እጅግ ጠጣር ነው፤ ነገር ግን እንደ መስተዋት ተሰባሪ ነው። ባሌስትራን በውኃ መንከር ሙቀቱን ከመጠን በላይ በፍጥነት ስለሚነጥቅ ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ዘይት ረጋ ያለ ነው።

የተማሪዬን አባት ሄጄ በጎበኘሁ ጊዜ ብረቱን መቼ እንደሚነክሩ ጠየቅኋቸው። «የበሰለ የቡና ፍሬ ሲመስል» አሉኝ። ይህ ቀይ ቀለም በግምት ከ750 እስከ 800 ዲግሪ መሆኑን እኛ በመጽሐፍ ነው የተማርነው። የሚሠሩት ጥላ ውስጥ ነው፤ የጋለ ብረት ቀለም በፀሐይ ብርሃን ደብዝዞ ስለሚታይ ያሳስታልና።

ከመንከር በኋላ ብረቱ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ገደማ እንደገና ሞቆ ይለዝባል። በዚህ ጊዜ በጸዳው ገጽ ላይ ገለባ መሰል ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያም ሐምራዊና ሰማያዊ ቀለም ይታያል። ቀለሙ ውኃ ላይ በፈሰሰ ናፍጣ ላይ ከምናየው ጋር አንድ ዓይነት ምክንያት አለው፦ ከስሱ የኦክሳይድ ሽፋን ላይኛና ታችኛ ገጽ የሚመለሱት የብርሃን ሞገዶች ይደራረባሉ። ሙቀቱ ሲጨምር ሽፋኑ ይወፍራል፤ ቀለሙም ይለወጣል። ቴርሞሜትር የሌለው ባለሙያ ሙቀቱን የሚያነበው ከዚህ ቀለም ነው።

ገበያ ላይ ምን እንፈትሽ?

አንደኛ፣ ቢላዋው ከምን እንደተሠራና በምን እንደተነከረ ሠሪውን በአክብሮት ጠይቁ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ለመመለስ አይቸገርም።

ሁለተኛ፣ ከተፈቀደላችሁ የስለቱን ጠርዝ በሞረድ በቀስታ ንኩ። ሞረዱ በጥልቀት ከነከሰ ብረቱ ለስላሳ ነው፤ ምንም ሳይነክስ እንደ መስተዋት ላይ ከተንሸራተተ ምናልባት አልለዘበም። የሚፈለገው ሞረዱ በጥቂቱ የሚይዘው ነው።

ሦስተኛ፣ ጫፉን እንጨት ላይ አስደግፋችሁ፣ ፊታችሁን ዘወር አድርጋችሁ፣ በመጠኑ አጉብጡት። ተመልሶ መቃናት አለበት።

አራተኛ፣ እጀታ ያልገባለት ከሆነ በክር አንጠልጥላችሁ በብረት መታ አድርጉት። ጥርት ያለ፣ የሚቆይ ድምፅ መልካም ነው። ስንጥቅ የንዝረቱን ኃይል ስለሚያባክን ድምፁን ያፍነዋል። ለረጅም ዘመን ያገለገለ ባሌስትራ የድካም ስንጥቅ ሊኖረው ስለሚችል ይህ ፍተሻ አይናቅ።

አምስተኛ፣ ውፍረቱን መዝኑ። የአንድ ዝርግ ብረት መጉበጥን የመቋቋም አቅም ከውፍረቱ ሦስተኛ እርከን ጋር ያድጋል፤ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን አቅሙ 8 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከጀርባው ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር፣ የስለቱ ጠቅላላ ማዕዘን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ቢሆን ለመስክ ይስማማል። የእኔ ቢላዋ ለወጥ ቤት የታሰበ፣ ስስና እጅግ ጠጣር ስለነበረ ነው የተሰበረው። ጥፋቱ የቢላዋው ሳይሆን የመራጩ ነበር።

ስድስተኛ፣ ወደ እጀታው የሚገባው የብረቱ ጭራ አጭር እንዳይሆን ተመልከቱ፤ እስከ እጀታው መጨረሻ ቢደርስ ይመረጣል። ለእጀታ ወይራ ጠንካራ ነው።

ከግዢ በኋላ

የባሌስትራ ብረት ይዝጋል፤ የወለጋ ክረምት ደግሞ ረጅም ነው። ቢላዋውን ካደረቃችሁ በኋላ በስሱ የኑግ ዘይት ቀቡት። የኑግ ዘይት ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ ቀስ በቀስ የሚደርቅ ስለሆነ መከላከያ ሽፋን ይሠራል፤ ካበዛችሁት ግን ይጣበቃል። እርጥበት ስለሚይዝም በቆዳ ሰገባ ውስጥ ለብዙ ቀን አትተዉት።

ዐፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያዎች በሥራቸው እንዳይሰደቡ ያወጁት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም አንድ የሳይንስ ተማሪ የአባቱን ሙያ ለመናገር ሰው ዘወር እስኪል ይጠብቃል። እኔም በክፍል ውስጥ የብረትን ባሕርይ ሳስተምር ብዙ ዓመት ቆይቼ፣ ከአንድ ቀጥቃጭ ቤት የገባሁት ያን ጊዜ ብቻ ነበር። ስለዚህ ቢላዋ ስትገዙ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት ወናፉ አጠገብ ጥቂት ቆማችሁ አሠራሩን ተመልከቱ። ስለ ብረት የምታውቁት ይጨምራል፤ የሠራው ሰውም ስሙን ሳያፍር ይነግራችኋል።