«በዓይኔ በብረቱ አየሁ»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከመዝሙር ጥናት በፊት ባለችው አንድ ሰዓት፣ ጥቂት ወጣቶች በሰንበት ትምህርት ቤታችን አዳራሽ ተሰብስበን መጽሐፍ ማንበብ ከጀመርን ሰነባብተናል፡፡ አብዛኞቻችን የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስንሆን፣ ሁለቱ ታላላቆቻችን ዩኒቨርሲቲ ገብተው የመጀመሪያ ዓመት ትምህርታቸውን ይከታተላሉ፡፡ በመጀመሪያው ዓመት፣ ሐኪም ለመሆን ያሰበውም ሕግ ለመማር ያሰበውም፣ «ጄኔራል ሳይኮሎጂ» የሚባለውን ትምህርት ይወስዳል፡፡ ታላላቆቻችን ሞጁሉን ይዘውልን መጡና «እኛ ሳንዘጋጅ ገብተን ተቸግረናል፤ እናንተ ቀድማችሁ እወቁት» አሉን፡፡ የመጀመሪያውን ምዕራፍ በሁለት ቅዳሜ ጨረስነው፡፡ ሁለተኛው ምዕራፍ ግን ያዘን፡፡ ምክንያቱን ወደ ኋላ እንናገራለን፤ እስከዚያው ትምህርቱን እናስቀድም፡፡

ምዕራፉ ሴንሴሽንና ፐርሴፕሽን ስለሚባሉ ሁለት ነገሮች ያስተምራል፡፡ የመጀመሪያው፣ ብርሃን ወይም ድምፅ፣ ሽታ፣ ጣዕም፣ ንክኪ በስሜት ሕዋሳችን ላይ ሲያርፍ ሕዋሱ ያንን ተቀብሎ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል መላኩ ነው፡፡ ሁለተኛው ደግሞ አንጎል የተላከለትን አቀናጅቶ «ይህ ደወል ነው፤ ይህ የወንድሜ ድምፅ ነው» ብሎ ትርጉም መስጠቱ ነው፡፡ እኛ ለመግባባት ያህል የፊተኛውን መቀበል፣ የኋለኛውን መገንዘብ እያልን ጠራናቸው፡፡

መቀበል ራሱ ወሰን አለው፡፡ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ የዕጣኑ ሽታ ከደጅ ይቀበለናል፤ ጥቂት ከቆየን በኋላ ግን አይሸተንም፡፡ ዕጣኑ አልጠፋም፤ ሕዋሳችን ለማይለወጥ ነገር የሚሰጠውን ምላሽ ስለሚቀንስ ነው፡፡ በትንሣኤ ሌሊት ደግሞ በጨለማው መካከል አንዲት ጧፍ ስትበራ ሁሉም ያያታል፤ ሁለት መቶ ጧፍ ከበራ በኋላ አንዲት ብትጨመር ማንም ልብ አይላትም፡፡ ኤርንስት ቬበር የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ፣ ለውጥ የሚሰማን ከነበረው ጋር ባለው ንጽጽር መሆኑን በክብደት እየፈተነ አሳይቷል፤ ጉስታቭ ፌክነርም ይህንኑ ተከትሎ በ1860 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የስሜትን ልክ በሒሳብ ለማስቀመጥ ሞከረ፡፡

አንድ ፈተና እናንተም በቤታችሁ ሞክሩ፡፡ በነጭ ወረቀት ላይ በግራ በኩል የመስቀል ምልክት፣ ከእርሱ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ቀኝ ርቃችሁ አንድ ወፍራም ነጥብ አድርጉ፡፡ ግራ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በቀኝ ዓይናችሁ መስቀሉን ብቻ እያያችሁ ወረቀቱን ቀስ ብላችሁ ራቅ ቀረብ አድርጉት፡፡ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ነጥቡ ይጠፋል! የዓይን ነርቭ ከዓይን በሚወጣበት ስፍራ ብርሃን የሚቀበል ሕዋስ የለም፡፡ ይህ ዕውር ቦታ በእያንዳንዳችን ዓይን ውስጥ አለ፤ አንጎላችን ግን በዙሪያው ባለው ነገር እየሸፈነ ስለሚሞላው እስከ ዛሬ ቀዳዳ አይተን አናውቅም፡፡ አዳራሹ በዚያን ዕለት በሳቅ ተሞልቶ ነበር፤ አንዱ ወንድማችን አሥር ጊዜ ደጋግሞ ሞከረው፡፡

ስለ መገንዘብ ስናነብ ከአገራችን የተገኘ አንድ ታሪክ አገኘን፡፡ በ1972 እ.ኤ.አ. ያን ዴሬጎውስኪ የተባለ ተመራማሪ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሚኖሩት በመኢኒት ሕዝብ ዘንድ ያደረገውን ጥናት አሳተመ፡፡ በዚያን ዘመን በስፍራው ሥዕል የሚባል ነገር እምብዛም አይታወቅም ነበር፡፡ ከልጆች መጽሐፍ የተወሰደ ገጽ ሲሰጣቸው ሰዎቹ ወረቀቱን ዳሰሱት፣ አሸተቱት፣ እያንኮሻኮሹ ድምፁን አዳመጡት፣ ሊቀምሱትም ሞከሩ፤ በላዩ ያለውን ሥዕል ግን ነገሬ አላሉትም፡፡ ተመራማሪዎቹ ቀጥለው በሚያውቁት ነገር ላይ፣ ይኸውም በሻካራ ጨርቅ ላይ፣ የእንስሳት ሥዕል በትልቁ አዘጋጅተው አሳዩአቸው፡፡ በዚህ ጊዜ አብዛኞቹ እንስሳቱን ለዩ፡፡ አንዳንዶቹ ግን ጅራቱን፣ እግሩን፣ ቀንዱን አንድ በአንድ ለቅመው ሲያበቁ ነው እንስሳው ተሰብስቦ የታያቸው፡፡

ይህን ያነበበ ሰው «ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው!» ብሎ እንዳይስቅ፡፡ እነርሱ በሚኖሩበት ዱር ውስጥ እኛ አጠገቡ ቆመን የማናየውን እንስሳ ከሩቅ ይለያሉ፡፡ ወረቀት ለሚያይ ሰው አዲሱ ነገር ወረቀቱ ነው፤ ስለዚህም ወረቀቱን መረመሩ፡፡ እኛም ብንሆን በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል ማንበብን የተማርነው በልጅነታችን ነው፡፡ በጥንቱ የሥዕል ሥርዓት ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ ሁለት ዓይናቸው ሲታይ፣ ክፉዎች በጎን ተሥለው አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል፡፡ ይህን ያልተነገረው እንግዳ ቢመጣ «ይህ ሰውዬ ለምን አንድ ዓይን ሆነ?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ ክፉ መሆኑን በምን ያውቃል? ዓይኑ የእኛን ያህል ያያል፤ የጎደለው ትምህርቱ ነው፡፡

ፊደላችንም እንዲሁ ነው፡፡ «ሰፊ» የሚለውን ቃል ጻፉ፡፡ ልብስ የሚሰፋው ሰው ነው ወይስ ጠባብ ያልሆነው? «ገና» ሲባልስ፣ በዓሉ ነው ወይስ ያልደረሰ ነገር? ፊደሉ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ አይለይም፤ ዓይናችን የሚቀበለው ምልክት አንድ ነው፡፡ ሆኖም «ገና አልመጣም» የሚለውን ስናነብ በዓሉ ትዝ የሚለን ጥቂቶች ነን፡፡ በዙሪያው ያለው ቃል ምን እንደምናነብ አስቀድሞ ይነግረናል፡፡ የቅኔ ተማሪ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን የሚፈልገውም በዚሁ መንገድ ይመስለናል፤ ድምፁ አንድ ሆኖ ሳለ ጆሮ ሁለት ነገር ያገኝበታል፡፡

ጆሮ የለመደውን እንደሚሰማ ለማወቅ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የሰፈራችን ስም ይበቃል፡፡ ጣሊያን አዲስ አበባን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ይዞ በነበረበት ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራው ድርጅት በምሕጻረ ቃል «ኢንቺስ» ይባል ነበር፤ ቤቶቹም «ካዛ ኢንቺስ» ተባሉ፡፡ የከተማው ሰው ሁለቱን ቃል አንድ አድርጎ ሰማና «ካዛንቺስ» አለው፡፡ ያ የሰማነው ስም እስከ ዛሬ አለ፡፡ ሰፈሩ ግን ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ብዙ ቤት ፈርሶበት ነዋሪው ወደ ሌላ አካባቢ ተዛውሯል፤ ከመካከላችንም ዛሬ ሁለት ታክሲ ይዘው የሚመጡ አሉ፡፡ አንዲት እናት በቀደም እዚያ ሲያልፉ «የእገሌ ሱቅ ጋ አውርደኝ» ብለው ረዳቱን ግራ አጋቡት ይባላል፡፡ ሱቁ የለም፡፡ እርሳቸው ግን ያዩታል፡፡

እንግዲህ ይህ ምዕራፍ ለምን እንደያዘን እንናገር፡፡ ባለፈው ዐቢይ ጾም አንድ ምሽት ሦስታችን በታክሲ ስንመለስ መብራት ጠፍቶ መንገዱ ጨልሞ ነበር፡፡ አንዱ በመስኮት እያየ «እገሊት አይደለችም እንዴ ከመጠጥ ቤት የምትወጣው?» አለ፡፡ ሌሎቻችን ዞር ብለን አየን፡፡ ነጠላ የለበሰች ሴት ነበረች፤ ታክሲው አለፈ፡፡ «ሰማያዊ ጥለት ያለው ነጠላዋ ነው፤ በዓይኔ በብረቱ አየሁ» አልን፣ ሦስታችንም፡፡ ወሬው በሳምንቱ በመዘምራኑ መካከል ተዳረሰ፡፡ ማንም ፊት ለፊት አልጠየቃትም፤ ሁሉም ግን ሰላምታውን አቀዘቀዘባት፡፡ ያቺ እኅታችን ሁለት እሑድ ከመጣች በኋላ ቀረች፡፡ በኋላ እንደተረዳነው በዚያ ምሽት ከእናቷ ጋር ሐኪም ቤት አድራ ነበር፤ አብራት ያደረችው ከእኛው አባላት አንዷ ናት፡፡

ምዕራፉን ስናነብ እርስ በርሳችን መተያየት ጀመርን፡፡ ሞጁሉ እንደሚለው ሰው እንዲያይ የተነገረውን ለማየት አስቀድሞ ይዘጋጃል፡፡ ከሦስታችን ሳይነገረው ያየው አንዱ ብቻ ነበር፤ ሁለታችን ያየነው ስሟ ከተጠራ በኋላ ነው፡፡ ሦስት ምስክር ያልነው አንድ ነበር ማለት ነው፤ እርሱም ተሳስቷል፡፡ ደግሞ ያ ሰማያዊ ጥለት! በዓይናችን ውስጥ ብርሃን የሚቀበሉ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት አሉ፡፡ 120 ሚሊዮን ያህሉ በጨለማ የሚያገለግሉ ሲሆኑ ቀለም አይለዩም፤ ቀለም የሚለዩት 6 ሚሊዮን ያህሉ ናቸው፤ እነርሱም በቂ ብርሃን ይፈልጋሉ፡፡ አንድ ማታ መብራት ሲጠፋ ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ጥለት ያላቸውን ሦስት ነጠላዎች በአዳራሹ ዳር ሰቅለን ከሌላው ዳር ቆመን አየን፡፡ ሁሉም ግራጫ ነበሩ፡፡ አንዱን እንኳ በእርግጠኝነት የለየ አልተገኘም፡፡ ሰማያዊውን ያመጣነው እሑድ እሑድ ከምናየው ነጠላዋ ነው፡፡

ወደ ቤቷ ሄድን፡፡ ቤተሰቦቿ ከካዛንቺስ ከተነሡት ስለሆኑ መንገዱ ሩቅ ነበር፤ ጠይቀን ጠይቀን ደረስን፡፡ እናቷ ተሽሏቸው ቡና አፈሉልን፤ እኛ ለምን እንደመጣን አያውቁም ነበር፡፡ ውጭ ወጥተን ይቅርታ ስንጠይቃት ዝም ብላ ሰማችና «ለምን አልጠየቃችሁኝም?» አለች፡፡ መልስ አልነበረንም፡፡ «አምሳ ሰው እያየኝ እንደማላውቃቸው ሲሆኑ ምን እንዳጠፋሁ እንኳ አላውቅም ነበር» አለችን፡፡ ይቅር ብያለሁ ብላ ሸኘችን፤ ወደ መዝሙር ክፍል ግን ገና አልተመለሰችም፡፡ ስሟን በጠራንበት አዳራሽ በሁሉም ፊት መሳሳታችንን ተናግረናል፤ ይህንንም ጽሑፍ ሳይታተም አንብባ ፈቅዳልናለች፡፡ አንድ ስፍራ ላይ ብቻ በእርሳስ እርማት አድርጋለች፤ «የኔ ነጠላ ጥለቱ አረንጓዴ ነው» የሚል ነው፡፡

የሚቀጥለው ቅዳሜ ስለ መማር የሚናገረውን ሦስተኛ ምዕራፍ እንጀምራለን፡፡ መካፈል የምትፈልጉ ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ 8 ሰዓት ላይ በአዳራሹ ተገኙ፡፡